የሰፈርን ሰው ለማጥናት ባሕር መሻገር

ልጅ ለሕክምና ወይም ለምሕንድስና የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ውጭ አገር ሊሄድ ነው ሲባል ቤቱ በምርቃት ይሞላል። "አንትሮፖሎጂ ልማር ነው" ያለ እንደሆነ ግን ምርቃቱ ትንሽ ይዘገያል። "እሱ ደግሞ ምንድን ነው?" ይባላል። ልጁም እንደምንም ብሎ ያስረዳል፦ ሰው እንዴት እንደሚኖር፣ እንዴት እንደሚጋባ፣ ሙታኑን እንዴት እንደሚቀብር፣ በምን እንደሚጣላና በማን አማላጅነት እንደሚታረቅ የሚያጠና ትምህርት ነው። ይህን የሰሙ አንድ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሽማግሌ "ታዲያ እሱን ለማወቅ ፈረንጅ አገር ምን ያስኬድሃል ልጄ? ዕድሩ እዚህ፣ ሽምግልናው እዚህ፣ ቀብሩ እዚህ። እኛ ጋ ቁጭ ብለህ አትጠይቅም?" ቢሉ በሳቅ የሚታለፍ ነገር አልተናገሩም። ባለሙያዎቹ ራሳቸው እስከ ዛሬ የሚከራከሩበትን ጥያቄ ነው ያነሡት።

የእኔን መልስ አስቀድሜ ልናገር። ሽማግሌው ግማሹን ልክ ናቸው። የሚጠናው ነገር እዚህ ነው ያለው፤ ለዚያም ነው ውጭ የሄደው ተማሪ የመጀመሪያውን ወይም የሁለተኛውን ዓመት ትምህርት እንደጨረሰ አማካሪው መልሶ ወደ አገሩ የሚሰደው። ባሕር ማዶ ተሄዶ የሚመጣው የሌሎችን ሰፈሮች ወሬ ሰምቶ የራስን ሰፈር እንደ አዲስ መጠየቅ መቻል ነው። ይህን ሳያመጣ ዲግሪ ብቻ ይዞ የተመለሰ ሰው ግን እውነትም እዚሁ ቁጭ ቢል ይሻለው ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዕድር ደንብ እንደ ዘር ሐረግ

አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ጠመንጃ ያዥ እንደ ሠራተኛ ሰፈር፣ እንደ ዘበኛ ሰፈርና እንደ ገባር ሰፈር ሁሉ ስሙን ከጥንቱ የቤተ መንግሥትና የጦር ሰፈር የሥራ ክፍፍል የወረሰ ነው። አዲስ አበባ በ1880ዎቹ ስትቆረቆር ሰው የሰፈረው በሙያውና በጌታው ዙሪያ ነበር። ዛሬ ባለ ጠመንጃው የለም፤ ስሙ ቀርቷል። በዚያ ስም ስር የሚኖረው ሰው ደግሞ ከሰላሌም ከጉራጌም ከጎጃምም ከወላይታም የመጣ፣ አንዱ የቀበሌ ቤት ተከራይ፣ ሌላው ባለ ይዞታ፣ ሦስተኛው ከባለ ይዞታው ግቢ አንዲት ክፍል የተከራየ ነው። ይህን ሁሉ ሰው አንድ ላይ የሚያስቀምጠው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ ዕድር ነው።

ዕድርን ማንም የአዲስ አበባ ልጅ ያውቀዋል። ድንኳኑ መንገድ ዘግቶ ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበሩ ይደረደራል፣ ሴቶቹ ከዕድሩ ዕቃ ቤት የወጣውን ብረት ድስት ጥደው ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ጸሐፊው ደብተሩን ይዞ የቀረ አባል ላይ ምልክት ያደርጋል፤ የቀረ ይቀጣል። ይህ ሁሉ የሚታይ ነው። አንትሮፖሎጂ የተማረ ሰው ከድንኳኑ ይልቅ ብዙም ሰው የማያነበውን መተዳደሪያ ደንብ አንሥቶ ቢያገላብጥ አይገርምም። ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፤ አባል ሲሞት ለቤተሰቡ ይህን ያህል፣ የትዳር ጓደኛው ሲሞት ይህን ያህል፣ ልጅ ሲሞትበት፣ አባትና እናት ሲሞቱበት፣ ወንድምና እህት ሲሞቱበት፣ አማት ሲሞቱበት ይህን ያህል ይከፈለዋል የሚል። መጠኑ ከዕድር ዕድር ይለያያል። ለአንዱ ዘመድ ገንዘብም ድንኳንም ይወጣል፤ ለሌላው "አባላት ለቅሶ ይደርሳሉ" ተብሎ ይታለፋል።

ይህ አንቀጽ የዘር ሐረግ ነው። ከተማ ውስጥ በተለያየ ቋንቋ የሚያለቅሱ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው "ዘመድ ማለት እስከ የት ነው?" በሚለው ላይ ተከራክረው፣ ተስማምተውና ዋጋ አውጥተው የፈረሙበት ሰነድ ነው። የእህት ልጅ ይገባል? አሥር ዓመት አብራ የኖረች የቤት ሠራተኛ ብትሞትስ? ገጠር የሞተ ወላጅ እዚሁ አዲስ አበባ በር ላይ ከተለቀሰለት ጋር እኩል ይታያል? ያላገባው አባል እኩል መዋጮ እየከፈለ ለአማት የተመደበው ገንዘብ ለዘለዓለም ሳይደርሰው ይቀራል ወይ? በጠቅላላ ጉባኤ ላይ እነዚህ ጥያቄዎች ሲነሡ አንድ ሰዓት ሙሉ ጩኸት ይሆናል፤ ጸሐፊውም "የተከበራችሁ አባላት፣ በሥርዓት!" ሲል ይውላል። ያንን ጩኸት ቁጭ ብሎ ማድመጥ፣ ማን ለየትኛው ዘመድ እንደተከራከረ መመዝገብ፣ ከዚያ ተከራካሪው ከየት እንደመጣና ማንን እንደሚጦር ማወቅ የአንድ የማስተርስ ጥናት ሥራ ሊሆን ይችላል።

ጠመንጃ ያዥ ያደገ ልጅ ግን ይህን ሊያየው አይችልም ማለት ይቻላል። ስላላወቀ አይደለም፤ አብዝቶ ስላወቀው ነው። ለእሱ አማት ከወንድም ያነሰ ቢከፈልበት "እንዲህ ነው እንግዲህ" ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከማዕድን ማውጫውና ከከተማ ዳር መንደሮች ኑሮ ጋር የተስፋፉ የቀብር ማኅበሮች እንዳሉ፣ ጋና ውስጥ ደግሞ ቀብር ዋነኛ የማኅበራዊ ክብር መድረክ እንደሆነ ሲያነብ ነው የእኛ ነገር ድንገት ጥያቄ የሚሆንበት። እኛ ለምን በዚህ መልክ አደረግነው? ሌላ መልክ ይቻል ነበር? የውጭ ትምህርት ዋናው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ከተጠያቂነት ወደ ጠያቂነት

ኢትዮጵያዊ ለዚህ ዓይነት ዕውቀት ወደ አውሮፓ መሄድ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ልዩነቱ ያኔ የሄደው ሊጠይቅ ሳይሆን ሊጠየቅ መሆኑ ነው። የአምሐራው መካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ ጎታ ወደተባለችው ከተማ በመስፍኑ ግብዣ ሄደው ስለ አገራቸው ሃይማኖት፣ ሕግ፣ ምግብና ቋንቋ ለሉዶልፍ አስረዱ። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ የቆመው በእሳቸው አንደበት ላይ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን መጽሐፉን አላዩትም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ሞቱ።

ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነገሩ በሌላ መልክ ጎንደር ላይ ተደገመ። ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን የሚያቋርጠው የፈረንሳይ የምርምር ቡድን በማርሴል ግሪዮል መሪነት በ1932 ጎንደር ደርሶ ወራት ተቀመጠ። ከቡድኑ አባላት አንዱ ጸሐፊው ሚሼል ሌሪስ በመልካም አያሁ ቤት ዛር ሲወርድ እየዋለ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ዘፈኑንና ንግግሩን በአማርኛ የሚመዘግብለት፣ የሚተረጉምለትና የሚያብራራለት ግን ኢትዮጵያዊው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። ያለ አባ ጀሮም ሌሪስ የሰማው ጩኸት ብቻ ይሆን ነበር። ዛሬ ግን በዓለም የሚታወቀው በ1934 የታተመው የሌሪስ መጽሐፍ ነው። (ያው ቡድን ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጥንታዊ ሥዕሎችን አንሥቶ በምትካቸው አዲስ የተሣሉ ቅጂዎች ለጥፎ መሄዱን ያነሣሁት እግረ መንገዴን ነው፤ ሥዕሎቹ አሁን ፓሪስ ናቸው። የዚህ ሙያ ተማሪ ሙያው ምን ይዞ እንደሄደ ማወቅ አለበት።)

ይህን ሚና የገለበጡት አፍሪካውያን ተማሪዎች ናቸው። ጆሞ ኬንያታ በ1930ዎቹ ለንደን ውስጥ በብሮኒስላቭ ማሊኖውስኪ ሥር ተምረው ስለ ገዛ ሕዝባቸው ስለ ኪኩዩ የጻፉት መጽሐፍ በ1938 ታተመ፤ መቅድሙን የጻፈላቸው መምህራቸው ነበር። ጋናዊው ኮፊ ቡሲያ ኦክስፎርድ ተምረው ስለ አሻንቲ አለቆች ጻፉ። አንዱ ፕሬዚዳንት፣ ሌላው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል፤ ስለዚህ "ይህ ትምህርት ምን ያደርግልሃል?" ለሚሉ ወላጆች ቢያንስ አንድ መልስ አለ።

ወደ እኛ ስንመጣ የመጀመሪያው ጥሩ ሙከራ የተደረገው ውጭ አገር ሳይሆን እዚሁ ነበር። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የባህል ጥናት ማኅበር አቋቁመው በየመጡበት አገር ያለውን የሠርግ፣ የለቅሶና የእርሻ ልማድ እየጻፉ በራሳቸው መጽሔት ያወጡ ነበር። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ ዛሬም የራሱ ቤተ መጻሕፍት አለው፤ ሙዚየሙም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይገኛል። ወደ ውጭ የሚሄድ ተማሪ ጥናቱን ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ቢጀምር ውጭ ከደረሰ በኋላ ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

ስለ አስመሮም ለገሠ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም ለእኔ ይህ ምዕራፍ የሚያወራለት ተማሪ አርአያ እሳቸው ናቸው። አሥመራ ተወልደው ለዶክትሬት ሃርቫርድ ሄዱ። የመረጡት የገዛ አካባቢያቸውን አልነበረም፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቦረና ወርደው የገዳን ሥርዓት አጠኑ። ለእሳቸውም ቋንቋው እንግዳ ነበር፣ እሳቸውም ለቦረና እንግዳ ነበሩ። ከሃርቫርድ ያመጡት ምን ነበር? ገዳ በስምንት ስምንት ዓመት እርከን የሚሄድ፣ በአባትና በልጅ መካከልም የአምስት እርከን ማለትም የ40 ዓመት ርቀት የሚጠይቅ ሥርዓት ነው። ሽማግሌዎቹ ሕጉን በሚገባ ያስረዳሉ። አስመሮም ግን አንድ ሌላ ነገር ጠየቁ፦ ሰው የሚወለደው በሕግ አይደለም፤ አንዱ አባት በ25 ዓመቱ፣ ሌላው በ60 ዓመቱ ይወልዳል። ታዲያ ሕጉ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደራረብ ሰዎቹና እርከኑ ምን ያህል ይራራቃሉ? ለዚህ ኮምፒዩተር ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን የሕዝብ ቁጥር ስሌት ተጠቀሙ። በ1973 የታተመው መጽሐፋቸው ገዳን በሦስት የተለያዩ መንገዶች የሚመለከተው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የቦረና ሽማግሌ ገዳን ከአስመሮም የበለጠ ያውቃል፤ ይህ አያከራክርም። ያንን ስሌት ግን ለመሥራት የገዳ ዕውቀት ብቻ አይበቃም፤ ሌላ ቦታ የተሠሩ የዕድሜ እርከን ጥናቶችን ማንበብና የሥነ ሕዝብ ትምህርት መማር ያስፈልግ ነበር። ያንን ያገኙት ሃርቫርድ ነው። ጥናቱ የተሠራው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ገዳ በ2016 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ስለ ሥርዓቱ የሚያወራ ሰው ሁሉ የአስመሮምን ሥራ መጥቀሱ የሚጠበቅ ነበር። አስመሮም በ2024 ዐርፈዋል።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ወደ አዲስ አበባ ይመልሰናል። ፈቃዱ ገዳሙ በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ የከተማ ማኅበራትን፣ በተለይም የአለምገና ወላሞ መንገድ ሥራ ማኅበርን የሚመለከት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በንግድና በጉልበት የሚተዳደሩ፣ መንገዱ የሚያልፍበት አካባቢ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ያስወጡበት ማኅበር ነበር። ይህን ማኅበር በዘመኑ የመርካቶ ሰው ያውቀው ነበር፤ "መንገድ ሠራ" ብሎም ያመሰግነው ነበር። ጥያቄው ግን ሌላ ነው፤ ከአገሩ የወጣ፣ ልጆቹን ከተማ የሚያሳድግ ሰው ራሱ ብዙም ለማይሄድበት መንገድ ለምን ይከፍላል? ማኅበሩ የገጠር ማንነትን ወደ ከተማ ያመጣል ወይስ ከተማ ላይ አዲስ ማንነት ይፈጥራል? ይህ ጥያቄ ዛሬ በዋሽንግተንና በፍራንክፈርት ባሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ላይ ቢነሣም ያስኬዳል።

በተመሳሳይ መንገድ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩት ገብሬ ይንቲሶ በመተከል ስለተካሄደው የደርግ ዘመን ሰፈራ ጽፈው ተመረቁ። ከተመለሱ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ወደ ከተማ አመጡት፤ በአዲስ አበባ መልሶ ማልማት ምክንያት ከመሀል ከተማ ስለተነሡ ድሃ ቤተሰቦች ያወጡት ጽሑፍ በ2008 ታተመ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ልደታ ላይ አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየሙ ተሠራ። ከቤቱ የተነሣ ሰው የሚያጣው ጣሪያ ብቻ አይደለም፤ ዕድሩን፣ የብድር ሱቁን፣ ልጅ የሚጠብቅለትን ጎረቤት ያጣል። በ1980ዎቹ መተከል በሰፈረው ገበሬና ከልደታ ተነሥቶ ከተማ ዳር በሄደው ሰው መካከል ያለውን ዝምድና ለማየት ሁለቱንም የሚይዝ ጥያቄ ያስፈልጋል። ትምህርቱ የሰጣቸው ያንን ጥያቄ ነው።

የት፣ በማን ሥር፣ በምን ገንዘብ

አመልካቾች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት አገር መምረጣቸው ላይ ነው። "አሜሪካ ልሂድ ወይስ ጀርመን?" ይላሉ። በዚህ ሙያ የሚመረጠው መምህር ነው። ጀርመን ሃሌ ከተማ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ተቋም ከተመሠረተ ከ1999 ወዲህ ኢትዮጵያውያንን የሳበው ከተማዋ ስለምታምር አይደለም፤ ጉንተር ሽሌ የሚባሉት የሰሜን ኬንያና የደቡብ ኢትዮጵያ አርብቶ አደሮች አጥኚ እዚያ ስለነበሩ ነው። ደረጀ ፈይሳ እዚያ ሠርተው ስለ ጋምቤላ አኙዋኮችና ኑዌሮች ያቀረቡት ጥናት በ2011 በመጽሐፍ ወጥቷል። የሁለቱን ሕዝቦች ግጭት "በመሬትና በግጦሽ ተጣሉ" ብሎ ከማለፍ ይልቅ አንዱ ማንነትን ከመሬት ጋር፣ ሌላው ደግሞ እንግዳን ወደ ራሱ ከማስገባት ጋር አስተሳስሮ ስለሚያይ ሁለቱ የሚጫወቱት ጨዋታ ራሱ የተለያየ መሆኑን ያሳዩበት ሥራ ነው። ኖርዌይ ውስጥ በርገን፣ ጃፓን ውስጥ ኪዮቶ፣ ጀርመን ውስጥ ማይንትስና ፍራንክፈርት ኢትዮጵያ ላይ የቆየ ሥራ ያላቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ ተማሪው ለመምህሩ ስለ ወረዳና ቀበሌ ማስረዳት ሳያስፈልገው በቀጥታ ወደ ጥያቄው ይገባል። ቤተ መጻሕፍቱም ባዶ አይደለም።

ገንዘቡን በአጭሩ እንለፈው። አሜሪካ ውስጥ ዶክትሬት የሚያስተምሩ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የተቀበሉትን ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከክፍያ ነጻ አድርገው ረዳት መምህርነት ሰጥተው ያኖሩታል፤ ለማስተርስ ግን ይህን የሚያደርጉት ጥቂት ናቸው። እንግሊዝ ማስተርስ በአንድ ዓመት ያልቃል፤ ቺቭኒንግ የሚባለው የመንግሥት ዕድል ሙሉ ወጪውን ሸፍኖ ተማሪው ሲጨርስ ሁለት ዓመት አገሩ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ከጥር 2024 ጀምሮ በክፍል ትምህርት የሚሰጥ ማስተርስ የሚማር ሰው፣ ወጪውን መንግሥት ካልሸፈነለት በቀር፣ ቤተሰቡን ይዞ እንግሊዝ መግባት አይችልም፤ ባለትዳር ከመፈረሙ በፊት ይህን ይወቅ። ጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ባደን ቩርተምበርግ ግን ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከመጣ ተማሪ በየሴሚስተሩ 1,500 ዩሮ ይቀበላል፤ ለቪዛ ደግሞ የመኖሪያ ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ማሳየት አብዛኛውን ጊዜ ግድ ነው። በርገን ብዙ ኢትዮጵያዊ ያስተማረበት የኖርዌይ የኮታ ዕድል ተቋርጧል፤ ከ2023 መከር ጀምሮም ኖርዌይ ከአውሮፓ ውጭ የመጣውን ማስከፈል ጀምራለች። ዌነር ግሬን የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ግን አንትሮፖሎጂ ብዙ ባልተስፋፋባቸው አገሮች ላሉ ተማሪዎች የተለየ የዶክትሬት ድጋፍ አለው፤ ስሙን የሚያውቀው ተማሪ ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ምክር አለኝ፤ ብዙ ሰው ይቃወመኛል። ማስተርስ እዚሁ ይሠራ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ በማስተርስም በዶክትሬትም ያስተምራል። በደቡብ ኢትዮጵያ ስለሚገለሉ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና አንጥረኞች በዴና ፍሪማንና በአሉላ ፓንክኸርስት አዘጋጅነት በ2001 በወጣው መጽሐፍ ውስጥ ብዙው ሥራ የአገር ውስጥ ተማሪዎች ጥናት ነው፤ ዛሬም የውጭ ምሁራን ይጠቅሱታል። አገር ውስጥ አንድ ጊዜ መስክ ወርዶ የተመለሰ ሰው ለዶክትሬት ሲያመለክት የሚያቀርበው ጥያቄ ተጨባጭ ይሆናል። ያላየውን ነገር በእንግሊዝኛ አሳምሮ የጻፈ አመልካች ደግሞ መምህሩ በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ያውቅበታል።

ተማሪውን ውጭ ከደረሰ በኋላ የሚያስደነግጠው ብርዱ አይደለም፤ የሚነበበው ነው። በሳምንት አንድ ሙሉ መጽሐፍ፣ አንዳንዴም ሁለት፣ ለአንድ የውይይት ክፍል ብቻ። ሁሉንም መስመር በመስመር ማንበብ አይቻልም፤ ደራሲው ከማን ጋር እንደሚከራከር ፈልጎ ማግኘት ነው ዘዴው። ክፍል ውስጥ ደግሞ መምህሩን በስሙ ብቻ ጠርቶ "በዚህ አልስማማም" ማለት ይጠበቃል። ታላቅን በአንቱታ ጠርቶ ላደገ ልጅ ይህ ከእንግሊዝኛው ይከብዳል። ዝም ያለ ተማሪ እንደ ጨዋ ሳይሆን እንዳላነበበ ይቆጠራል። ሌላው የሚገጥመው ነገር "የኢትዮጵያ ተወካይ" መደረጉ ነው። ስለ ጣልያን ወረራም ስለ ቡናም ስለ ረሀብም ወደ እሱ ይዞራሉ። በትሕትና መልሶ፣ ከዚያ ማሊኖውስኪ ስላጠናቸው ደሴቶች ወይም ስለ ቺካጎ ድሆች የራሱን አስተያየት ካልሰጠ ግን ሳያውቀው ወደ አባ ጀሮም ወንበር ይመለሳል።

በድጋፍ ደብዳቤ ወደ ቤት

ከዚያ ተማሪው ወደ መስክ ይመጣል። ውጭ ያለው ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰዎቹ በጽሑፍ እንዲፈርሙ ሊጠይቅ ይችላል፤ እዚህ ግን ወረቀት ላይ ፈርሙ የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ግብር ነው፣ ወይም የቤት ማፍረስ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ ተቀባይነት እንዲያገኝ ተማሪው ኮሚቴውን ከመነሣቱ በፊት ማሳመን አለበት። ቀጥሎ የድጋፍ ደብዳቤው ነው፦ ከዩኒቨርሲቲው ወደ ከተማው ቢሮ፣ ከቢሮው ወደ ክፍለ ከተማው፣ ከክፍለ ከተማው ወደ ወረዳው፤ በየደረጃው ማኅተም፣ በየደረጃው "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው"። ይህን የሚንቅ ተማሪ ወር ያቃጥላል። የማይንቀው ግን በየወንበሩ ላይ ስለ መንግሥት አሠራር የሚማረው ነገር ከጥናቱ አንድ ምዕራፍ ሊሆነው ይችላል።

በገዛ ሰፈሩ የሚያጠና ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። የዕድሩ ዳኛ "አንተ የእገሌ ልጅ አይደለህ? ይኼን መቼ ታጣዋለህ?" ይሉታል። ፈረንጅ ቢጠይቃቸው ኖሮ ከመጀመሪያው ጀምረው ያስረዱት ነበር። ለእሱ ግን ማስረዳት ስድብ ይመስላቸዋል። በተጨማሪም የአንዱ ወገን ነው፤ እናቱ የተጣላችው ሰው ለእሱ አይናገርም። ለዚህ ነው የራሱን ሰፈር ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ ቢያንስ ከሚያውቀው ዕድር ሳይሆን ከአጥር ማዶው ዕድር እንዲጀምር የምመክረው። ወይም እንደ አስመሮም ከአገሩ ሳይወጣ ከአካባቢው መውጣት ይችላል። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ሰፊ ናት፤ ከልደታ የወጣ ልጅ ደቡብ ኦሞ ላይ እንግዳ የመሆንን ጣዕም በሚገባ ይቀምሳል።

እኔ የማልረካበት ነገር ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ የዶክትሬት ጽሑፎች በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ ሃሌ፣ ለንደንና ፓሪስ መደርደሪያ ላይ አሉ። ዓመት ሙሉ ቡና እያፈሉ የተጠየቁት ሰዎች ስለነሱ ምን እንደተጻፈ አያውቁም። አባ ጎርጎርዮስ መጽሐፉን ያላዩት መርከብ ሰጥሞባቸው ነው። እነዚህኞቹን የሚከለክላቸው የተማሪው ስንፍና ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ከብዶ መነገር አለበት።

ስለዚህ ለዚህ ትምህርት የምትዘጋጁ ሁሉ፣ ዕቅዳችሁን ስትጽፉ የመጨረሻውን ሥራ ከአሁኑ አስገቡበት። የጥናታችሁን አንድ ሙሉ ቅጂ ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ። ላጠናችኋቸው ሰዎች በቋንቋቸው ከአሥር ገጽ የማይበልጥ ማጠቃለያ ጻፉና ጠመንጃ ያዥ ከሆነ በዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ገጠር ከሆነ ሰው በሚሰበሰብበት ቀን ራሳችሁ ቆማችሁ አንብቡላቸው። "እዚህ ጋ ተሳስተሃል" ሲሏችሁም እርማቱን መዝግቡት፤ ለመጽሐፉ ይጠቅማችኋል።